ዛፍ አወጣጥ በአንድ መወጣጫና በሁለት ገመድ

ገጠር ያደገ የክፍላችን ተማሪ ሁሉ ዛፍ መውጣት ያውቃል፡፡ ሾላ ለመልቀም ወጥተናል፣ ማገዶ ለመቁረጥ ወጥተናል፣ የጠፋች ፍየል የት እንደገባች ለማየትም ወጥተናል፡፡ ታዲያ «ስለ ዛፍ አወጣጥ ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፡፡ ቅርንጫፉ ከደረት ከፍታ ስለሚጀምር ዛፍ ከሆነ እውነትም ብዙ የሚጻፍ የለም፡፡ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሌላውን ዓይነት ነው፡፡ ግንዱ በክንድ ታቅፎ የማይዳረስ፣ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ 5 እና 6 ሜትር ላይ የሚገኝ፣ ቦታውም መሰላል ተሸክመው የማይደርሱበት ሸለቆ ውስጥ የሆነ ዛፍ፡፡ እንዲህ ያለ ዛፍ ላይ መውጣት ግድ የሚሆንባቸውን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አቀርባለሁ፡፡ አንዱ በሰቆጣ ዙሪያ የንብ መንጋ የሚያጠምድ ገበሬ ነው፡፡ ሌላው አሜሪካ ውስጥ አጋዘን የሚያድን አዳኝ ነው፡፡ ሁለቱ በሕይወታቸው አይተዋወቁም፤ ችግራቸው ግን አንድ ነው፡፡

በቅድሚያ ስለ ዋግ ጥቂት ልበል፡፡ ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ፣ ዋና ከተማው ሰቆጣ የሆነ አስተዳደር ነው፡፡ የአገው ሕዝብ አገር ሲሆን ቋንቋውም ኽምጣና ይባላል፡፡ መሬቱ ተራራና ሸለቆ ነው፤ ውኃው ወደ ተከዜ ይወርዳል፡፡ ዝናቡ አጭር፣ ድርቁ ደግሞ ተመላላሽ ስለሆነ ገበሬው በእህል ብቻ አይኖርም፤ ፍየልና ንብ ትልቅ ድጋፍ ናቸው፡፡ የሰቆጣን ነጭ ማር የቀመሰ ያውቀዋል፡፡ ዝቅ ባለው በአበርገሌ ቆላ የዕጣን ዛፍም አለ፤ ዕጣን የሚያመርተው ሰው ግን ቅርፊቱን የሚልጠው በአብዛኛው መሬት ቆሞ ስለሆነ የመውጣት ጣጣ ብዙም የለበትም፤ እሱን በዚሁ እንለፈው፡፡

ንብ አርቢው ለምን ዛፍ ላይ ይወጣል? ቀፎው ደጁ ላይ፣ ከጣራው ሥር አይደለም እንዴ? ልክ ነው፤ ማር የሚሠራበት ቀፎ ቤት ነው ያለው፡፡ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ባዶው ቀፎ ነው፡፡ ክረምቱ ወጥቶ ምድሩ በአበባ ሲሸፈን፣ የበረታ የንብ ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል፡፡ አባቶቻችን አውራ የሚሏት አሮጌዋ ንግሥት ከፊሉን ይዛ ትወጣለች፡፡ መንጋው በመጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ዘለላ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ቃፊር ንቦች አዲስ ቤት ፍለጋ ይበተናሉ፡፡ መንጋ አጥማጁ ይህንን ያውቃል፡፡ በእበት የተለሰነ ባዶ ቀፎ ያዘጋጃል፤ ውስጡን መልካም ሽታ ባለው ቅጠል ያጥነዋል፤ አሮጌ ሰም ካለው ይቀባዋል፤ ንብ ታልፍበታለች ብሎ በገመተው ዛፍ ላይም ይሰቅለዋል፡፡ መንጋ ከገባለት አመሻሽ ላይ አፉን ዘግቶ ያወርደውና ወደ ቤቱ ይወስደዋል፡፡ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል መንጋ ራሱ ገበያ ወጥቶ የሚሸጥ ሀብት ስለሆነ፣ አንድ ቀፎ ሞላ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ቀፎው ከፍ ብሎ የሚሰቀለው ከሌባ ለማራቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር፡፡ ለካ ምክንያቱ የንቧም ምርጫ ነው፡፡ ቶማስ ሲሊ የሚባሉ አሜሪካዊ የንብ ተመራማሪ ከሮጀር ሞርስ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ቃፊር ንቦች ከመሬት 1 ሜትር ላይ ከተሰቀለ ሳጥን ይልቅ 5 ሜትር ላይ የተሰቀለውን እንደሚመርጡ አሳይተዋል፡፡ ጥናቱ የተካሄደው በኒው ዮርክ ግዛት ነው፤ ንቧም ያው እኛ የምናረባት የማር ንብ ወገን ናት፡፡ ከፍ ያለ ቤት ከአውሬ ይጠብቃታል፡፡ የዋግ ገበሬ ሳጥን ሳይደረድር በልምድ የደረሰበት ነገር መሆኑ ነው፡፡

እንግዲህ 5 ሜትር፡፡ ወደ አሜሪካው አዳኝ ስንሄድም የምናገኘው ቁጥር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ከ5 እስከ 7 ሜትር፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል፡፡ «አጋዘን» እያልኩ የምጽፈው መዝገበ ቃላቱ እንዲህ ስለሚተረጉመው ነው፡፡ የእኛ አጋዘንና ድኩላ ቀንዳቸው ዕድሜ ልካቸውን የሚኖር፣ የማይወልቅ ነው፡፡ የአሜሪካው ባለ ነጭ ጭራ ግን ወንዱ ቅርንጫፍ ያለው ቀንድ አውጥቶ በየዓመቱ ይጥለዋል፡፡ በአፍሪካ የዚህ ወገን የዱር እንስሳ በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜን፣ በነአልጄሪያና ቱኒዚያ በኩል ብቻ ነው፡፡ በኢትዮጵያ የለም፡፡ ደግሞም ያለ ፈቃድ ማደን በእኛ አገር ሕግ ክልክል ነው፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ይህንኑ ደንግጓል፡፡ ስለዚህ ከአዳኙ የምንወስደው አወጣጡን ነው እንጂ አደኑን አይደለም፡፡

አዳኙ ዛፍ ላይ የሚወጣው እንስሳው ሽታና እንቅስቃሴ ቶሎ ስለሚለይ ነው፡፡ ከፍ ሲል ከእንስሳው የዓይን መስመር ይወጣል፤ ሽታውም ብዙ ጊዜ በላይ በላይ ያልፍለታል፡፡ ቆላ ለቆላ የሄደ ሰው ማማ ያውቃል፤ ማሽላ ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት፣ ልጅ ወንጭፍ ይዞ የሚቀመጥበት ቆጥ፡፡ የድሮው አዳኝም የሚሠራው እንዲሁ ዓይነት ማማ ነበር፤ ዛፉ ላይ ጠርቆት ዓመቱን ሙሉ ይተወዋል፡፡ አሁን ግን ብዙዎቹ የሚያድኑት በሕዝብ መሬት ላይ ነው፡፡ በብዙ ግዛቶች በሕዝብ መሬት ላይ ዛፍ ላይ ምስማር መምታት ወይም ማማ ትቶ መሄድ አይፈቀድም፡፡ እንስሳውም መንገድ ይቀይራል፡፡ ስለዚህ አዳኙ ተንቀሳቃሽ መሆን አለበት፤ ዛሬ እዚህ ዛፍ፣ ነገ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ሌላ ዛፍ፡፡ ማማውን፣ መሰላሉንና መሣሪያውን ሁሉ ጀርባው ላይ ያዝላል፡፡ ከመንጋ አጥማጁ ጋር የተመሳሰለብኝ ይኸው ነው፤ እሱም በአንድ ወቅት ሦስት አራት ቀፎ በሦስት አራት ሸለቆ መስቀል አለበት፡፡

የተለመደው መፍትሔ አጫጭር መወጣጫዎችን ይዞ መሄድ ነበር፡፡ መወጣጫው ወፍራም የአሉሚኒየም ዘንግ ሆኖ ግራና ቀኝ የእግር መርገጫ አለው፤ በጠፍር ግንዱ ላይ ይታሰራል፡፡ አራቱን አንዱን ከአንዱ በላይ አስሮ ይወጣል፡፡ እኛ ቤት ጎን ለጎን ጎድጎድ ተደርጎ ከተጠረበው ባለ አንድ ግንድ መሰላል በሐሳብ ብዙም አይለይም፤ ተቆራርጦ ብረት ሆነ እንጂ፡፡ ነገር ግን አራቱ ይከብዳሉ፤ እርስ በርስ እየተጋጩም ያቃጭላሉ፡፡ አንዳንዶች ታዲያ «ለምን አራት? አንዱን ይዤ እያነሳሁ ብወጣስ?» አሉ፡፡

አሠራሩ እንዲህ ነው፡፡ አዳኙ ወገቡና ጭኑ ላይ ኮርቻ የሚሉትን ሰፊ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ሲደገፉት እንደ መቀመጫ ይሆናል፡፡ ሁለት አጫጭር ገመዶች አሉት፡፡ አንዱ ዙሪያ ገመድ ነው፤ ከቀበቶው ግራ ተነስቶ ግንዱን ዞሮ ወደ ቀኝ ይመለሳል፡፡ የመብራት ኃይል ሠራተኛ የእንጨት ምሰሶ ላይ ሲወጣ ያያችሁት ቀበቶ ማለት ነው፡፡ ሁለተኛው መያዣ ገመድ ነው፤ ከራሱ በላይ ግንዱን አንቆ ይታሰርና ከፊት ለፊት ኮርቻው ላይ ይገባል፡፡ መወጣጫው አንድ ብቻ ሲሆን ርዝመቱ ግማሽ ሜትር፣ ክብደቱም 1 ኪሎ ገደማ ነው፡፡ ከታቹ እርካብ ይንጠለጠልበታል፤ ልክ እንደ ፈረስ እርካብ እግር የሚገባበት የገመድ ቀለበት፡፡

ዙሪያ ገመዱን ካገባ በኋላ መወጣጫውን እጁ በደረሰበት ከፍታ ያስራል፤ በእርካቡ በኩል ረግጦ ላዩ ላይ ይቆማል፡፡ እዚያ ሆኖ መያዣ ገመዱን በተቻለው መጠን ከፍ አድርጎ ያስራል፤ ክብደቱን ቀስ ብሎ ኮርቻው ላይ ይጥላል፡፡ አሁን እግሩ ነፃ ነው፡፡ ጎንበስ ብሎ መወጣጫውን ይፈታል፤ ስቦ ከፍ አድርጎ እንደገና ያስራል፤ ይወጣበታል፤ መያዣ ገመዱንም ያስከትላል፡፡ በአንድ ዙር አንድ ሜትር ተኩልም ሁለት ሜትርም ይገኛል፡፡ ስለዚህ 6 ሜትር ለመድረስ ሦስት ወይም አራት ዙር ይበቃል፡፡ ላይ ሲደርስ ያችው መወጣጫ የእግር ማሳረፊያ ትሆናለች፡፡

ቀላል ይመስላል፤ ዋናው አደጋ ግን መወጣጫው በሚፈታበት ሰዓት ነው፡፡ በዚያች ቅጽበት ሰውየውን የያዘው መያዣ ገመዱ ብቻ ነው፡፡ መያዣ ገመዱን ወደ ላይ በሚያስተላልፍበት ሰዓት ደግሞ ተራው የዙሪያ ገመዱ ነው፡፡ ከመሬት ከተነሳ ጀምሮ ቢያንስ አንዱ ገመድ ሁልጊዜ መታሰር አለበት፤ ለሁለት ሰኮንድም ቢሆን ሁለቱ አብረው አይፈቱም፡፡

አወራረዱ ከአወጣጡ የበለጠ ይገርማል፡፡ እንደወጣው እያሰረ እየፈታ መውረድ ይችላል፤ ብዙዎቹ ግን ረጅም ገመድ ተጠቅመው ይንሸራተታሉ፡፡ ገመዱ ላይ ግንዱን ያንቃል፤ ሰውየው ገመዱ በሚጠማዘዝበት ትንሽ ብረት አማካኝነት ፍጥነቱን እየገደበ ይወርዳል፡፡ እጁ ቢያመልጠውስ? ለዚህ ፕሩሲክ የሚባል ቋጠሮ አለ፡፡ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1931 ካስተዋወቀው ካርል ፕሩሲክ ከተባለ የኦስትሪያ ተራራ ወጪ ነው፡፡ ቀጭን የገመድ ቀለበት ዋናው ገመድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል፡፡ ክብደት ሲያርፍበት አንቆ ይይዛል፤ ክብደቱ ሲነሳለት እንደገና ይንሸራተታል፡፡ የሚይዘው በሰበቃ ብቻ ነው፤ ምንም ማሽን የለበትም፡፡ መሬት ከደረሰ በኋላ ከላይ ያለው ሸምቀቆ ላይ አስቀድሞ ያሰረውን ሲባጎ ሲስብ ገመዱ ተከትሎ ይወርዳል፡፡ ዛፉ ላይ ምንም አይቀርም፡፡

ይህንን ሳነብ ነው የእኛው ሰው ትዝ ያለኝ፡፡ የዋግ መንጋ አጥማጅ መጫኛ ግንዱንና ወገቡን አዙሮ ይቋጥርና ወደ ኋላ ተደግፎ፣ በባዶ እግሩ ግንዱን እየረገጠ፣ ገመዱን ወደ ላይ እያሻገረ ይወጣል፡፡ ይህ ዙሪያ ገመዱ መሆኑ ነው፡፡ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሰውየው ወደ ኋላ ሲደገፍ ገመዱ ግንዱን ከጀርባው በኩል ያጠብቃል፤ እግሩም ግንዱን ወደ ፊት ይገፋል፤ በዚህ ግፊት የሚፈጠረው ሰበቃ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፡፡ ፈርቶ ግንዱን ካቀፈ ግን ገመዱ ይላላል፤ እግሩም ይከዳዋል፡፡ ስለዚህ የሚጥለው ፍርሃቱ ነው ቢባል ያስኬዳል፡፡ በደቡብ ምዕራብ በካፋና በሸካ ጫካዎች ይህ ጥበብ ከዋግም የበለጠ ይታያል፤ እዚያ ማር የሚሠራበት ቀፎ ራሱ የሚሰቀለው ረጃጅም ዛፍ ላይ ነው፤ 20 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፡፡ ሁለቱም ደኖች የዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆነው የተመዘገቡ ናቸው፤ ካፋ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012፡፡ የጫካው ማር አንዱ ጌጣቸው ነው፤ የሚያወርደው ሰው ስም ግን የትም አይጻፍም፡፡

የእኛን አወጣጥ ከአዳኙ የሚለየው ሁለተኛው ገመድ አለመኖሩ ነው፡፡ ገመዱ አንድ ስለሆነ ቅርንጫፍ ባጋጠመ ቁጥር ፈትቶ ከቅርንጫፉ በላይ እንደገና ማሰር ግድ ነው፤ በዚያን ጊዜ የያዘው ነገር ቢኖር የገዛ ክንዱ ነው፡፡ በዚያ ላይ ሥራው ከንብ ጋር ነው፡፡ አዳኙ ቢያንስ ማንም አይነድፈውም፡፡ ቀፎ የሚያወርድ ሰው ግን አመሻሽ ላይ፣ አንድ እጁ ቀፎ ይዞ፣ ዓይኑ አጠገብ ሲነደፍ ሌላውን እጁን ማንሳቱ የማይቀር ነው፡፡ አንድ ጎረቤታችን የነበሩ አባት የወደቁት እንዲሁ ነበር፤ ሲወጡ ሳይሆን ሞልቶ የተገኘ ቀፎ ይዘው ሲወርዱ፡፡ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ድረስ ተወሰዱ፡፡ ተርፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያለ ምርኩዝ ሲሄዱ አላየኋቸውም፤ ንቡንም ልጃቸው ተረከበው፡፡ ልጁም የሚወጣው በዚያው በአንድ መጫኛ ነው፡፡

ቁጥሩን ላስቀምጠው፡፡ ከ6 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 39 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ከተማ ውስጥ እንደሚሄድ መኪና ማለት ነው፡፡ ገመድ ስላለም ብቻ ሰው ይድናል ማለት አይደለም፡፡ ገመዱ 1 ሜትር ላልቶ ከሆነና ሰውየው ያንን ያህል ወድቆ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ድንገት ቢቆም፣ ወገቡ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ ከ10 እጥፍ ይበልጣል፡፡ የማይለጠጥ መጫኛ ሊበጠስ ይችላል፤ ባይበጠስም አጥንት ሊሰብር ይችላል፡፡ አዳኞቹ መያዣ ገመዱን ከራስ በላይና ሳይላላ የሚያስሩት ለዚህ ነው፡፡ ሌላም አለ፡፡ በቀበቶ ተንጠልጥሎ ሳይንቀሳቀስ የቀረ ሰው ደሙ እግሩ ውስጥ ይከማቻል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል፡፡ ስለዚህ ብቻውን መውጣት አይመከርም፤ የተንጠለጠለም እግሩን የሚያሳርፍበት እርካብ አጠገቡ ሊኖር ይገባል፡፡

ሁለተኛ ገመድ የፈረንጅ ፈጠራ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ደብረ ዳሞን ያስታውስ፡፡ በትግራይ የሚገኘው ይህ ገዳም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ ይነገራል፡፡ ወደ አምባው የሚወጣው ወንድ ብቻ ሲሆን የሚወጣውም 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገደል በተጎነጎነ ጠፍር ተንጠላጥሎ ነው፡፡ እንግዳ የመጣ እንደሆነ ታዲያ በዚያ በወፍራሙ ጠፍር ብቻ አይተዉትም፤ ወገቡን በሌላ ገመድ ያስሩትና መነኮሳቱ ከላይ ሆነው እየሳቡ ያግዙታል፡፡ አንዱ ገመድ ለመውጣት፣ ሌላው ለመትረፍ፡፡ ከሰቆጣ ወደ ሰሜን ብዙም በማይርቅ ገደል ላይ ሁለቱም አሉ፤ ዋግ ዛፍ ላይ ግን አንዱ ብቻ ነው ያለው፡፡

ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ለዋግ ገበሬ የሚሆነው የቱ ነው? የአሉሚኒየሙ መወጣጫ አይደለም፤ እሱን ጠንካራ የወይራ እንጨት በጠፍር ማሰር ሊተካው ይችላል፤ ሳይኖርም እስካሁን ተወጥቷል፡፡ ኮርቻውም ቅንጦት ነው፡፡ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ገመድና ሰፋ ያለ ቀበቶ ነው፡፡ አጭር፣ ጠንካራ፣ ጫፉ በደንብ የተቋጠረ ገመድ፤ ቅርንጫፍ ሲያጋጥም ዋናው ከመፈታቱ በፊት ከቅርንጫፉ በላይ የሚታሰር፡፡ መጫኛ ጠፍር ከሆነ ዝናብ ሲመታው ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምቱን ሙሉ ጣራ ሥር ተሰቅሎ የከረመውን በመስከረም አንስቶ መውጣት አደጋ አለው፡፡ ናይሎን ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ፀሐይ ይበላዋል፡፡ ቀፎውንም በእጅ ይዞ መውረድ ሊቀር ይገባል፡፡ በሌላ ገመድ ቅርንጫፍ ላይ አሻግሮ፣ ታች የቆመ ሰው ቀስ እያለ እንዲለቀው ማድረግ ይቻላል፤ የሸካ ሰዎች ከባዱን ነገር በገመድ ነው የሚያወርዱት፡፡

ልምምዱም መሬት አጠገብ ይጀመር፡፡ አዳኞቹ አዲስ ገመድ ሲገዙ መጀመሪያ የሚንጠለጠሉት እግራቸው መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ነው፤ ቋጠሮው ቢፈታ ቢበዛ መቀመጫን ያማል፡፡ በገመድ የሚወርድ ሰው ከላይ ከመልቀቁ በፊት የገመዱ ጫፍ መሬት መድረሱን በዓይኑ ያያል፤ ጫፉም ላይ ወፍራም ቋጠሮ ይቋጥራል፡፡

ዛፉንም መምረጥ ያስፈልጋል፡፡ ከሥሩ ጉንዳን የወረረው፣ ቅርፊቱ በእጅ ሲነካ የሚረግፍ፣ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ግንድ ላይ ገመድ አይታሰርም፡፡ ባህር ዛፍ ቀጥ ብሎ ሲያዩት ያጓጓል፤ ቅርፊቱ ግን ይላጣል፣ ገመዱም አብሮት ይወርዳል፡፡ ወይራና ጽድ ይይዛሉ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ የሚገኙት ደግሞ እነሱ ናቸው፤ እዚያ ቀፎ ለመስቀል ግን መጀመሪያ የደብሩን አለቃ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፡፡